ራስ እምሩና ወጣቶቹ ወታደሮች

የባሮ ወንዝ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ ውሃ እየሰበሰበ ይወርድና ጋምቤላ ሲደርስ ሜዳ ያገኛል። ከዚያም በኢታንግ በኩል አልፎ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ ከፒቦር ወንዝ ጋር ሲገናኝ ስሙ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ከነጭ ዓባይ ይገባል። በኩሌ የምትማሩ ልጆች ሆይ፥ ወንዙ በበጋ እንዴት እንደሚጎድል በክረምትም እንዴት እንደሚሞላ እናንተ ከመጽሐፍ ልትማሩት አያስፈልግም።

በ1894 ዓመተ ምሕረት በተደረገው ውል እንግሊዞች በጋምቤላ የንግድ ሥፍራ ተሰጥቷቸው ነበር። ስለዚህ ውሃው በሚሞላባቸው ወራት ከካርቱም የሚነሡ መርከቦች ባሮን ሽቅብ እየመጡ ጨርቅና ጨው ያራግፉ፥ ቡናም ጭነው ይመለሱ ነበር። ቡናው ከጎሬ ደጋ በበቅሎና በአህያ፥ በሰውም ትከሻ እየተጫነ ይወርድ ነበር።

በ1928 ዓ.ም. ክረምት ግን ይህ የቡና መንገድ ከአገር የመውጫ በርም ሆነ። የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን ይዞ ነበር፤ ያልተያዘው የኢትዮጵያ መንግሥት ቅሬታ በጎሬ ከተማ ተቀምጦ ነበር። ከጎሬ የተነሣ መንገደኛ ጥቂት ቀን ቁልቁል ተጕዞ ጋምቤላ ቢደርስ፥ ከዚያም በመርከብ ቢሳፈር፥ ከጠላት እጅ ወጥቶ በሱዳን በሰላም ሊቀመጥ ይችል ነበር። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በዚህ መንገድ ራስ ላይ ቆመው ነበር፤ በመንገዱ ግን አልወረዱም። ከእሳቸው ጋር የነበሩት ወጣቶች እነማን እንደ ነበሩ፥ ነገሩም እንዴት እንደ ሆነ እነሆ እንነግራችኋለን።

ራስ እምሩ የተወለዱት በኅዳር ወር 1885 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህ የራስ መኰንን የታመኑ ሰው ነበሩ። ራስ መኰንን ባለቤታቸው በሞቱባቸው ጊዜ ሕፃኑን ልጃቸውን ተፈሪን እንዲያሳድጉ ለእኚህ ደጃዝማች ሰጧቸው። ስለዚህ እምሩና ተፈሪ እንደ ወንድማማች በአንድ ቤት አደጉ፤ ፊደልም ፈረንሳይኛም አብረው ተማሩ። ተፈሪ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ፤ እምሩም በሐረርና በወሎ አገር ገዙ፤ በ1924 ዓ.ም. ራስ ተብለው የጎጃም ገዢ ሆኑ። ከራሳቸው ርስት ለጭሰኞች መሬት በማካፈላቸው በመኳንንቱ ዘንድ የሚገርም ሰው ተባሉ። በዚያ ዘመን መሬት ያለው ሰው መሬት ሲሰጥ ማየት እንግዳ ነገር ነበርና።

አሁን ስለ ወታደር ኑሮ ጥቂት እንናገር፤ ይህን ያላወቀ ሰው የሚከተለው ታሪክ አይገባውም። በዚያን ጊዜ አብዛኛው የኢትዮጵያ ወታደር በሰፈር ተቀምጦ በየወሩ ደመወዝ የሚቀበል አልነበረም። ነጋሪት ሲጎሰም ገበሬው እርሻውን ትቶ፥ ጦሩን ወይም አሮጌ ጠመንጃውን ይዞ፥ በሶና ቆሎ ሰንቆ ወደ አለቃው ይሄዳል። ከሁሉ የሚያንሰው ልጅ የአለቃውን ጠመንጃ ይሸከማል፤ እንጨት ይለቅማል፤ ውሃ ይቀዳል፤ በቅሎ ያጠጣል። ትምህርቱም ይኸው ነበር። የሚያስተምረው መጽሐፍም መምህርም የለም፤ አለቃው ሲሠራ ያየውን ይሠራል። አለቃው ስንቅ ሲያልቅበት የገበሬ በር ሰብሮ ቢገባ፥ ልጁም በሚቀጥለው መንደር ሰብሮ መግባትን ያውቃል። አለቃው በጦርነት ጊዜ ከኋላ ቢቀር፥ ልጁም ከኋላ መቅረት ብልኀት ይመስለዋል። ጥሩ አለቃ ያጋጠመው ልጅ ጥሩ ወታደር ሆኖ ይወጣል፤ ክፉ አለቃ ያጋጠመውም ለአገሩ ሰው ከጠላት የከፋ ይሆናል።

በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ሰሜን ዘመቱ። መንገዱ እጅግ ረጅም ነበር። ከጎጃም መኳንንት አንዱ በመንገድ ከነጭፍራው ከድቶ ወደ ኋላ ተመለሰ። የቀሩት ግን ከራስ ጋር ተከዜን ለመሻገር ገሠገሡ። ከእነርሱም መካከል በጎጃም የትምህርት ቤት አስተማሪ የነበሩ ሐዲስ ዓለማየሁ የሚባሉ ወጣት ነበሩ። ይህን ስም ያዙ፤ ወደ ፊት ይመለሳል።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ሰዎች ተከዜን ተሻግረው በደምበጉና ማለፊያ ከጠላት ጋር ተገናኙ። ጠላት ታንክ ይዞ መጣ። በባዶ እግሩ የሄደ፥ ጎራዴና አሮጌ ጠመንጃ የያዘ የጎጃም ገበሬ፥ በብረት የተለበጠና መትረየስ የሚተፋ ሠረገላ ሲያይ ቢሸሽ የሚፈርድበት አይኖርም ነበር። እነርሱ ግን አልሸሹም። የታንኩ መትረየስ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ እንደማይዞር፥ ጠባቡም መንገድ እንደማያስዞረው አስተዋሉ። ስለዚህ መንገዱን በድንጋይ እየዘጉ ከኋላ በኩል ቀረቡት፤ ታንኮቹም እዚያው ተያዙ። ጠላትም ማለፊያውን ለቆ አፈገፈገ። ይህ በዚያ ጦርነት ኢትዮጵያውያን ካገኟቸው ጥቂት ድሎች አንዱ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ግን እጅግ የሚያሳዝን ነው። ታኅሣሥ 13 ቀን ማለዳ የጠላት አይሮፕላኖች በተከዜ ላይ ታዩ። ወታደሮቹ ቦምብ ለምደው ስለ ነበር ብዙ አልደነገጡም። ነገር ግን የወረደው ቦምብ አልነበረም። መሬት ወይም ውሃ ሲነካ የሚፈነዳ ዕቃ ነበር፤ ከውስጡም ቀለም የሌለው ፈሳሽ ይረጭ ነበር። ፈሳሹ የነካቸው ሰዎች እጃቸው፥ ፊታቸው፥ ባዶ እግራቸውም ተቃጥሎ ቆስሎ ጮኹ። አንዳንዶቹ ሊታጠቡና ሊጠጡ ወደ ወንዙ ሮጡ፤ ወንዙም ተመርዞ ነበርና በዳሩ ወደቁ። ከብት ሊያጠጡ የወረዱ ገበሬዎችም እንዲሁ ሆኑ። ይህ መርዝ በጦርነት እንዳይሠራበት በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ በተደረገ ስምምነት ተከልክሎ ነበር፤ ኢጣልያም በስምምነቱ ፈርማ ነበር።

አለቆቹም ራስ እምሩን ከበው ምን እናድርግ ብለው ጠየቁ። ራስ እምሩ የሚመልሱት ቃል አጡ። ይህን እኛ አልፈጠርነውም፤ በእርጅናቸው ዘመን ራሳቸው የተናገሩት ነው። የሚያቃጥልና የሚገድል ዝናምን እንዴት እንደሚዋጉት አላወቁም ነበር። ብዙ የጦር አለቆች ስለ ድላቸው ሲያወሩ እንሰማለን፤ ሰዎቻቸው ሲቃጠሉ መልስ እንዳጡ የሚናገሩ ግን ጥቂቶች ናቸው። ራስ እምሩ የማያውቁትን እንደሚያውቁ አድርገው ለወታደሮቻቸው አልዋሹም፤ ትተዋቸውም አልሄዱም። ከዚያ ቀን በኋላ ከሁለት ወር በላይ አብረዋቸው ተዋጉ።

በየካቲት ወር መጨረሻ በሽሬ ታላቅ ጦርነት ሆነ። የራስ እምሩ ጦር ጠንክሮ ተዋጋ፤ ነገር ግን ጥይቱ እያለቀ ሄደ። ወደ ኋላ ሲመለስም አይሮፕላን በተከዜ መሻገሪያ ላይ እሳትና መርዝ አዘነበበት። ጦሩ ተበተነ። ራስ እምሩ በጥቂት ሰዎች ታጅበው ጎጃም ገቡ፤ ጎጃምም ታውኮ ቆያቸው። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ከአገር ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት ከተማይቱን ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱ ራስ እምሩን እንደራሴያቸው አድርገው ሾመዋቸው ስለ ነበር፥ ራስ ወደ ምዕራብ፥ ወደ ጎሬ ሄዱ።

አሁን ደግሞ ስለ ሌሎቹ ወጣቶች እንናገር። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሆለታ፥ ገነት በተባለው በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት፥ በ1927 ዓ.ም. የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። አስተማሪዎቹ ከስዊድን የመጡ መኰንኖች ነበሩ፤ አለቃቸውም ካፒቴን ቪኪንግ ታም ይባሉ ነበር። ተማሪዎቹ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የተመረጡ፥ ዕድሜያቸው በሃያ ዓመት አካባቢ የሆነ ልጆች ነበሩ። በዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወታደርነት እንደ ሌላው ትምህርት በሰሌዳና በደብተር፥ በሰዓትና በሥርዓት ተማሩ። ካርታ ማንበብ፥ መትረየስ መፍታትና መግጠም፥ ጥቂት ሰዎችን ይዞ መምራት ተማሩ። ትምህርታቸው ሳይፈጸም ግን ጦርነቱ ደረሰባቸው። ገና ራሳቸው ተማሪዎች ሳሉ አዲስ ወታደሮችን አስተምሩ ተባሉ፤ በሚያዝያ ወርም በሻለቃ ክፍሌ ነሲቡ እየተመሩ ጠላትን በጣርማ በር ለማገድ ተላኩ። ክፍሌ ነሲቡ በፈረንሳይ አገር በሳን ሲር የጦር ትምህርት ቤት የተማሩ ነበሩ። የጠላት ጦር ግን እጅግ ብዙ ነበርና ሊያግዱት አልቻሉም።

አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ እነዚህ ወጣቶች ወደየቤታቸው ሊበተኑ ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን ወደ ነቀምት ሄደው ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቆሙ። ሊቀ መንበራቸው በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና የተማሩ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች፥ ቢንያምና ዮሴፍ፥ ከእነርሱ ጋር ነበሩ። የኢጣልያን ጦር ከድተው የመጡ የኤርትራ ሰዎችም ነበሩ።

ማኅበሩ ለራሱ ሕግ ጻፈ። ሕጉ ወታደር ገበሬን እንዳይበድል፥ የተማረከ ጠላትም እንዳይጎዳ ያዝዝ ነበር። ከአገር መሰደድን ይከለክል ነበር። እጅ ከመስጠትም ሞትን መምረጥን ያዝዝ ነበር። ስለ ገበሬው የተጻፈው ቃል ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ከላይ እንደ ነገርናችሁ፥ ገበሬ ወታደርን የሚያውቀው በሩን ሲሰብር ነበር። እነዚህ ልጆች ከታላላቆቻቸው ያዩትን ልማድ ትተው አዲስ ልማድ ሊጀምሩ ፈለጉ።

ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች ከነቀምት አጠገብ በቦናያ ሜዳ ላይ አረፉ። ከእነርሱም ጋር ማርሻል ማልዮኮ የሚባል የአየር ኃይል ከፍተኛ መኰንን ነበረ። በዚያች ሌሊት ወጣቶቹ ከበው ተኮሱ፤ አይሮፕላኖቹንም አቃጠሉ። ማልዮኮና ጓደኞቹ ሞቱ፤ አንድ ቄስ ብቻ ተረፈ። ጠላትም በቍጣ ነቀምትን በአይሮፕላን ደበደበ።

ከዚህ በኋላ ጥቁር አንበሶች ራስ እምሩን አለቃቸው አደረጉ። ራስ በዚያን ጊዜ የ43 ዓመት ሰው ነበሩ። ወጣቶቹ የአውሮፓን የጦር ትምህርት ያውቃሉ፤ እሳቸው ደግሞ ታንክና መርዝ በተግባር ያዩ ነበሩ። ወጣቶቹ ሕግ ጽፈዋል፤ እሳቸው ግን በዚያ ሕግ ሰውን ይዘው የሚሄዱ አዛዥ መሆን ነበረባቸው። ይህ ቀላል አልነበረም። የምዕራቡ አገር ሰው ብዙ ዓመት የባለ ጠመንጃ ግፍ ያየ ስለ ነበር ብዙ ቦታ በሩን አልከፈተላቸውም። አንዳንድ የወለጋ መኳንንትም ከእንግሊዝ ጥበቃ ለማግኘት ደብዳቤ ይልኩ ነበር። ልጆቹ ራሳቸው ያልበደሉትን በደል ዕዳ ከፈሉ። ገበሬውንም ልንወቅሰው አንችልም፤ ከሩቅ የሚመጣው ጠመንጃ የያዘ ሰው ሕግ ይኑረው አይኑረው በምን ያውቃል?

መርከቦቹ በጋምቤላ የሚመላለሱባቸው ወራት እያለፉ ሄዱ። በመስከረምና በጥቅምትም ውሃው ገና ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ባሮ ይጎድላል። ራስ እምሩ በኅዳር ወር ከወጣቶቹና ከቀሩት ወታደሮች ጋር ወደ ከፋ በኩል ሄዱ። ጠላት ጎሬን ያዘ፤ ከጅማም በኩል ሌላ ጦር መጣባቸው። አይሮፕላን ይከተላቸው ነበር። ስንቅ አነሰ፤ ጥይትም አነሰ፤ የታመመውንም መሸከም ያስፈልግ ነበር። ወደ ጎጀብ ወንዝ ሲደርሱ ተከበቡ።

እዚያ ሕጋቸው ፈተናቸው። ሕጉ እጅ አትስጡ ይል ነበር። ሕግ በነቀምት በጠረጴዛ ላይ ሲጻፍ አንድ ነገር ነው፤ በጎጀብ ዳር፥ የሃያ ዓመት ልጆች ተርበው በተቀመጡበት፥ ሌላ ነገር ነው። ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ እጃቸውን ሰጡ፤ ሰዎቻቸውም አብረው ተማረኩ። በዚህ ነገር ራስን የሚነቅፉ ሰዎች አሉ። እኔ ግን በዚያ ወንዝ ዳር ቆሜ ልጆቹን ሁሉ ሙቱ ብዬ ማዘዝ ይቻለኝ ነበር ለማለት አልደፍርም።

ራስ እምሩ በአይሮፕላን ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ። ወጣቶቹ ሁለት ወር ያህል በሕይወት ቆዩ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ፤ ጠላትም በበቀል የከተማውን ሰው ፈጀ። ከዚያ በኋላ የተማሩትን ኢትዮጵያውያን እየለቀሙ ገደሉ። ክፍሌ ነሲቡና ቢንያም ዮሴፍም፥ ብዙዎቹ የሆለታ ተማሪዎችም በዚህ ጊዜ ተገደሉ። እጃቸውን የሰጡበት ነገር አላዳናቸውም።

ራስ እምሩ በባሕር መካከል ባለች በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። እዚያ ተቀምጠው ሳለ የልጆቹን ሞት መስማታቸው ከእስራቱ የከበደ እንደ ነበር መገመት ይቻላል። በሐምሌ 1935 ዓ.ም. የኢጣልያ ገዢ ሙሶሊኒ ከሥልጣኑ ተሽሮ በገዛ አገሩ ሰዎች ታሰረ፤ ያሰሩትም በዚያችው በፖንዛ ነው። ያስቀመጡትም ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነው። ልጆች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር አልፎ አልፎ ይሠራል።

ራስ እምሩ በ1936 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። በአሜሪካ፥ በሕንድና በሩሲያ አምባሳደር ሆነው አገለገሉ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አለቆች በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ባመፁ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው ስማቸውን በራዲዮ ጠሩ፤ ዐመፁም በጥቂት ቀን አለቀ። የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ከነፃነት በኋላ እንደ ገና ተከፍቶ ሌሎች ልጆች ገቡበት። ራስ እምሩ በነሐሴ 1972 ዓ.ም. በ87 ዓመታቸው አረፉ። ዘውዱን የሻረው መንግሥት እንኳ በክብር ቀበራቸው።

ከጎጀብ ከተማረኩት መካከል ያ የጎጃም አስተማሪ፥ ሐዲስ ዓለማየሁ፥ ወደ ኢጣልያ ተወስደው ታስረው በሕይወት ተመለሱ። በ1958 ዓ.ም. ፍቅር እስከ መቃብር የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ ስለዚያ ጦርነትና ስለ እስራታቸውም ትዝታ የሚል መጽሐፍ ጻፉ። ራስ እምሩም ያዩትን ጽፈው ትተዋል። አንባቢነታችሁ ሲበረታ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አድርጋችሁ፥ አዛዡ የጻፉትንና አብሯቸው የዘመተው ወጣት የጻፉትን ማንበብ ትችላላችሁ።